ሥሩን የቆፈረ ዘሩን ይትከል፦ የአርጆ የመድኃኒት ዕፅዋትና የጋራ የደን ጓሮ



ሌሊት ልጅን ሆድ ቁርጠት ሲይዘው እናት ወደ ጓሮ ወጥታ ጤና አዳም ትቀጥፋለች። ምች የመታው ሰው ዳማከሴ ታሽቶ ይሰጠዋል። አራስ ባለችበት ቤት ቀበሪቾ ይጨሳል። ይህ በአርጆ፣ በነቀምቴ፣ በበደሌም ሆነ በወሎና በአዲስ አበባ ለሚኖር ለማናችንም እንግዳ አይደለም። በሀገራችን እስከ 80 በመቶ የሚደርሰው ሕዝብ በባህላዊ ሕክምና ይጠቀማል እየተባለ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ቁጥሩን እንተወውና እያንዳንዳችን የራሳችንን ቤት ብናስታውስ ይበቃናል።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ዛሬ በገበያ የምንገዛው የቀበሪቾ ሥር ከየት መጣ? የቆፈረው ሰው በቦታው ምን ተከለ? ብዙውን ጊዜ መልሱ «ምንም» ነው። በዚህ ጽሑፍ የመድኃኒት ዕፅዋት ለምን እንደሚጠፉ፣ አንድ መንደር ወይም አንድ ጀመዓ በጋራ የደን ጓሮ እንዴት ሊጠብቃቸው እንደሚችልና ሕጉ ምን በር እንደከፈተ አርጆን መነሻ አድርገን እናብራራለን፤ ኢንሻአላህ።

ደጋና ሸለቆ በአንድ ወረዳ

አርጆ ከነቀምቴ በስተደቡብ፣ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ደጋማ ከተማ ናት። መንገዱ ከአርጆ ወርዶ የዴዴሳን ወንዝ ይሻገራል። ይህ ቁልቁለት ለመንገደኛ አድካሚ ቢሆንም ለዕፅዋት ትልቅ ጸጋ ነው። በአጭር ርቀት ውስጥ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ይገናኛሉ። ስለዚህ በአንድ አካባቢ የቀዝቃዛ ቦታ ዛፍም፣ የቆላ ቁጥቋጦም ይገኛል።

በደጋው ጫፍ ቅዝቃዜና ከፍታ የሚወደው ኮሶ (በኦሮምኛ ሄጦ) ይስማማዋል። ከዚያ ዝቅ ሲል ጥቁር እንጨት (ሆሚ)፣ ዋንዛ (ወዴሳ)፣ ወይራ (ኤጀርሳ) እና ብሳና (በካኒሳ) ይመጣሉ። በየአጥሩና በየጓሮው ግራዋ (ኤቢቻ)፣ ሰንሰል (ዱሙጋ) እና እንዶድ (ሃንዶዴ) አሉ። በዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚያድገው እንቆቆ (ሃንቁ) ፍሬው ለኮሶ ትል ይውላል። በእርጥበታማው ጥላ ሥር ደግሞ ቡናና ኮረሪማ አብረው ይበቅላሉ።

ከዕፅዋቱ ጋር ዕውቀቱም ተደራርቧል። የአካባቢው ነዋሪ ለዘመናት ያካበተው አለ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ ወደ ወለጋ በሰፈራ የመጡ ወገኖች የራሳቸውን ዕውቀት ይዘው መጥተዋል። ከዴዴሳ ማዶ በጨዋቃ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ አባወራዎች ሰፍረዋል። ከደረቅ አካባቢ ወደ እርጥብ ሸለቆ የመጣ ሰው የሚያውቀውን ቅጠል ሁልጊዜ አያገኝም። የጎረቤቱን ዕፅ መጠየቅ፣ የራሱንም ማሳየት ይኖርበታል። የአንድ ተክል ስም በኦሮምኛም በአማርኛም መታወቁ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

የሚያጠፋው አወሳሰዳችን ነው

«ሰው ስለበዛ ደን ጠፋ» ማለት እውነት ቢሆንም ሙሉ መልስ አይደለም። የእርሻ መስፋፋት፣ የማገዶና የከሰል ፍላጎት፣ በየኮረብታው የተተከለው ባሕር ዛፍ፣ በዴዴሳ ሸለቆ የተስፋፉት ሰፈራዎችና የስኳር ልማት ሁሉም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ከእነዚህ በተጨማሪ የመድኃኒት ዕፅዋት ብቻ የሚደርስባቸው ሌላ ጉዳት አለ። እሱም ከተክሉ የምንወስደው ክፍል ነው።

ቅጠል የሚቀጠፍለት ተክል እንደገና ያቆጠቁጣል። ግራዋ፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳምና ኮሰረት እንዲህ ናቸው። በልኩ ከተቀጠፉ ዓመት እስከ ዓመት ይሰጣሉ።

ፍሬ ወይም አበባ የሚለቀምለት ተክል ራሱ ይተርፋል፤ ዘሩ ግን ያልቃል። ሁሉም ፍሬ ከተለቀመ ዛፉ ሳይሞት ዝርያው ያረጃል። አዋቂ ዛፍ ይቆማል፣ ችግኝ ግን አይታይም። እንቆቆና ኮሶ በዚህ መንገድ ይጎዳሉ።

ቅርፊቱ የሚላጥ ዛፍ ጉዳዩ ይከፋል። በቅጠል የተሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በቅርፊቱ የውስጥ ክፍል በኩል ነው። ግንዱ ዙሪያውን ከተላጠ ሥሩ ምግብ አጥቶ ዛፉ ቀስ በቀስ ይደርቃል። የላጠው ሰው የዛኑ ቀን ሞቱን ስለማያይ ጥፋቱን ላያውቀው ይችላል።

ሥሩ የሚቆፈርለት ተክል ግን ያኔውኑ ያልቃል። ቀበሪቾ ዋናው ምሳሌ ነው። ይህ ተክል ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማይገኝ የሀገራችን ብርቅዬ ነው። የሚፈለገው ደግሞ ሥሩ ነው። አንድ ጭስ ማለት አንድ የተነቀለ ተክል ማለት ነው። ተክሉ ዘር ሳያፈራ ከተቆፈረ በዚያ ቦታ ተተኪ አይኖረውም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፦ ሁሉም የመድኃኒት ተክል እኩል ለአደጋ የተጋለጠ አይደለም። ጥበቃውን ከሥርና ከቅርፊት መጀመር ያስፈልጋል።

የጥቁር እንጨት ነገር

በዓለም ገበያ ይህን አደጋ በግልጽ ያሳየው ጥቁር እንጨት ነው። ይህ ዛፍ ከኢትዮጵያ እስከ ካሜሩንና ደቡባዊ አፍሪካ ድረስ በደጋ ደኖች ይበቅላል። የቅርፊቱ ጭማቂ በአውሮፓ ለወንዶች የፕሮስቴት እጢ ማበጥ ማስታገሻ ሆኖ ስለተፈለገ በካሜሩንና በማዳጋስካር በገፍ ተላጠ። ብዙ ዛፎችም ቆመው ደረቁ። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ዛፉ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት (ሳይተስ) ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ቅርፊቱን ከሀገር ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል።

የእኛ ደኖች ያን ያህል የውጭ ገዢ ባይመጣባቸውም ዛፉ ለጣውላም ለማገዶም ይቆረጣል። አንድ ተጨማሪ ችግር አለበት፦ ዘሩ ብዙ አይቆይም። ከደረቀና ከከረመ አይበቅልም። ስለዚህ እንደ ስንዴ በጎተራ አስቀምጠን ለልጅ ልጅ ልናቆየው አንችልም። ጥቁር እንጨትን ማስቀመጥ የሚቻለው በሕይወት ባለ ዛፍ ነው።

ከኮሶና ከእንዶድ የምንማረው

ኮሶ አንድ ጊዜ ስሙ ባሕር ተሻግሮ ነበር። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት ሀገር የኮሶ ትል መድኃኒት የየቤቱ ጉዳይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አበባው ወደ አውሮፓ ሄዶ በመድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። በኋላ ዘመናዊ እንክብሎች ሲመጡ ፍላጎቱ ቀነሰ። ዛፉ ግን አልዳነም፤ እንጨቱ ለቤት ዕቃ ጥሩ ስለሆነ መጥረቢያው ቀጠለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥት ደኖች ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጡ ከለያቸው አገር በቀል ዛፎች ኮሶና ዋንዛ ይገኙበታል። ሌሎቹ ጽድና ዝግባ ናቸው።

እንዶድ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከተ። አረፋው በሚወርድበት በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው ጥገኛ ተውሳክ የሚራባባቸው ናቸው። አክሊሉ ከዚያ ተነሥቶ እንዶድን ለበሽታው መከላከያ አደረገው። ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከየአካባቢው የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስቦ በማወዳደር የተሻለውን ለየ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» ተብሎ የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑ ዛጎል ለበስ እንስሳትን ለማጥፋት የመጠቀም የባለቤትነት መብት አወጣ። ዕውቀቱ የተነሣው ልብስ ከሚያጥቡ እናቶች ነበር። ስማቸው በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች ሁለት ነገር እንይዛለን። አንደኛ፣ አንድ ዕፅ ዛሬ ፈላጊ ባይኖረው ነገ ምን እንደሚያወጣ አይታወቅም። ለገሰ የተሻለውን እንዶድ መለየት የቻለው ብዙ ዓይነት ስለነበረ ነው፤ ከየመንደሩ ጠፍቶ ቢሆን የሚያወዳድረው አይኖረውም ነበር። ሁለተኛ፣ ያልተመዘገበ ዕውቀት ባለቤት አልባ ይሆናል።

የጋራ የደን ጓሮ ምን ማለት ነው?

የደን ጓሮ ስንል አበባ የተደረደረበት መናፈሻ ማለታችን አይደለም። ደንም ጓሮም የሆነ ቦታ ማለታችን ነው። ዛፉ፣ ቁጥቋጦው፣ ሐረጉና ቅጠላ ቅጠሉ እንደ ተፈጥሮ ደን ተደራርበው ይበቅላሉ። ሰው ግን እንደ ጓሮ ይተክለዋል፣ ይኮተኩተዋል፣ በልኩም ይለቅምበታል። የወለጋ ገበሬ በቡና ጥላ ሥር ይህንን ዘዴ ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል። አዲሱ ነገር ቦታው የጋራ መሆኑና ዓላማው የመድኃኒት ዕፅ ማቆየት መሆኑ ብቻ ነው።

በሀገራችን ለዚህ ቅርብ የሆኑ ሥራዎች አሉ። የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ከተመሠረተ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ዘር ሰብስቦ ያስቀምጣል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ በባሌ ተራሮች አካባቢ የመድኃኒት ዕፅዋት ጥበቃ ፕሮጀክት ተካሂዷል። በአዲስ አበባ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በከተማ አስተዳደሩና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ተቋቁሟል። በእኛ አካባቢ ደግሞ በነቀምቴ አቅራቢያ የኮምቶ ደን አለ፤ የወለጋ ዩኒቨርሲቲም በከተማዋ ይገኛል። እነዚህ ለችግኝም ለምክርም የሚጠየቁ ጎረቤቶች ናቸው።

ለአርጆ ደጋ የሚሆን ጓሮ በሦስት እርከን ሊታሰብ ይችላል።

የላይኛው እርከን ዛፍ ነው፦ ጥቁር እንጨት፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ወይራ፤ በከፍተኛው ቦታ ኮሶ። ብሳና በራቁት መሬት ላይም ቶሎ ስለሚያድግ መጀመሪያ ተተክሎ ለሌሎቹ ጥላ ይሆናል። የኮሶ ወንዴና ሴቴ ዛፍ የተለያዩ ናቸው። ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው፤ ይሁን እንጂ ወንዴው ከሌለ ዘር አይኖርም። «አይጠቅምም» ተብሎ ወንዴው እንዳይቆረጥ!

የመካከለኛው እርከን ቁጥቋጦና ሐረግ ነው፦ ግራዋ፣ ሰንሰል፣ እንዶድ፣ እንቆቆ። ግራዋና ሰንሰል በቅርንጫፍ ቁራጭ ይተከላሉ፤ ለአጥርም ያገለግላሉ። እንቆቆ የሚጠመጠምበት ዛፍ ስለሚፈልግ የሚተከለው ዛፉ ከጠነከረ በኋላ ነው።

የታችኛው እርከን ቅጠላ ቅጠልና ሥራሥር ነው፦ ዳማከሴ፣ ኮሰረት፣ ጤና አዳም፣ ቀበሪቾ። ቀበሪቾ ፀሐይ ስለሚፈልግ ከዛፉ ጥላ ውጭ በዳር በኩል ይተከል። ወደ ዴዴሳ ዝቅ ባለው እርጥብ ቦታ ኮረሪማ ከሥሩ ተከፍሎ በጥላ ሥር ይተከላል፤ ገንዘብም ያስገኛል።

አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብን። ባሕር ዛፍ የብዙ ቤተሰብ ገቢ ስለሆነ «ይነቀል» አንልም። ውሃና አፈር ስለሚሻማ ግን ከጓሮው ራቅ ብሎ ይሁን።

ችግኝ ላይ የሚሳሳቱት

ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚከሽፈው በችግኝ ጣቢያ ነው። የጥቁር እንጨት ፍሬ ሲበስል ይለቀማል፤ ሥጋው ታጥቦ ወጥቶ ዘሩ ሳይከርም ይዘራል። የኮሶ ዘር እጅግ ደቃቅ ስለሆነ በጥልቀት ከተቀበረ አይወጣም። በለሰለሰ አፈር ላይ ተበትኖ በስሱ ይሸፈናል፤ ውሃውም በቀስታ ይርከፈከፋል። ዘሩን ከአንድ ዛፍ ብቻ መልቀም ሌላው ስህተት ነው። ከአንድ እናት የተገኙ ችግኞች ለአንድ በሽታ አብረው ይወድቃሉ። ከተራራቁ ብዙ ዛፎች ይለቀም።

ችግኙ በበጋ ወራት ተዘጋጅቶ ዝናቡ ሲጸና በሰኔና በሐምሌ ይተከላል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት በጋዎች ወሳኝ ናቸው። ከብት ከገባበት ሁሉም ነገር ያበቃል። ስለዚህ ከችግኙ በፊት አጥሩ ይቅደም።

አወሳሰዱም ደንብ ይኑረው። ለምሳሌ፦ ከማንኛውም ቁጥቋጦ ከሲሶ በላይ ቅጠል አይቀጠፍ። ከፍሬው ቢያንስ ሩቡ ለዘር ይተው። ቅርፊት የሚወሰደው ከጎለመሰ ዛፍ፣ ከአንድ ጎን በጠባቡ ብቻ ነው፤ ቁስሉ ሳይድን ሌላው ጎን አይነካ። ሥር የሚቆፈረው ዘር ከሰጠ ተክል ብቻ ይሁን፤ ቆፋሪውም በአንዱ ምትክ ብዙ ይትከል። ልኩን መንደሩ ከአዋቂዎቹ ጋር ተመካክሮ ያስተካክለው፤ ዋናው ደንብ መኖሩ ነው።

ማን ይጠብቀዋል? ሕጉስ ምን ይላል?

የጋራ ነገር ብዙ ጊዜ የማንም እንዳልሆነ ይቆጠራል። ለዚህ መልስ ከሰጡ ቦታዎች አንዱ የአዳባና የዶዶላ ደን ነው። በዚያ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ዋጂብ የሚባሉ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ። ስሙ በኦሮምኛ «የደን ነዋሪዎች ማኅበር» ከሚለው የተወሰደ ነው። የደኑ ስፋት ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ተብሎ ተሰላ። አንድ ማኅበር ከ30 አባወራ እንዳይበልጥ ተደረገ። አባላቱ ለደኑ ኪራይ ይከፍላሉ፤ የደኑ ሽፋን እንዳይቀንስ ይጠብቃሉ፤ በምላሹ የመጠቀም መብት አላቸው። ትምህርቱ ቀላል ነው፦ ወሰኑ የታወቀ መሬት፣ ስማቸው የታወቀ አባላት፣ የተጻፈ ግዴታና የተጻፈ መብት።

ዛሬ ይህን ማድረግ በሕግ ቀሏል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ከግልና ከመንግሥት ደን በተጨማሪ የማኅበረሰብና የማኅበር የደን ይዞታን እውቅና ሰጥቷል። ስለዚህ አንድ ቀበሌ ወይም አንድ ማኅበር ይዞታው ተለክቶ የምስክር ወረቀት እንዲሰጠው ለወረዳው የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል። ሳያመለክቱ መትከል ግን ነገ ክርክር ያመጣል።

ጥበቃ ወጪ ስላለው ገቢ ማሰብም ያስፈልጋል። ብሳናና ግራዋ ለንብ ጥሩ አበባ ይሰጣሉ። ጥቂት ቀፎ በጓሮው ውስጥ ቢቀመጥ ከማሩ የሚገኘው ለጥበቃ ደመወዝ ይረዳል። ቡናውና ኮረሪማውም እንደዚሁ። መድኃኒቱን ራሱን በገፍ ለገበያ ማቅረብ ግን ጓሮው እስኪጠና ድረስ ይቆይ።

መስጂዱና መቃብሩ

ለእኛ ለሙስሊሞች ይህ ሥራ ከባዕድ የመጣ አይደለም። ዛፍ የተከለ ሙስሊም ሰውም ወፍም እንስሳም ከፍሬው በበላ ቁጥር ምጽዋት እንደሚጻፍለት፣ ችግኝ በእጁ ሳለ ቂያማ ቢቃረብ እንኳ መትከል ከቻለ እንዲተክለው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። የመዲናን ክልል ዛፎችም እንዳይቆረጡ ከልክለዋል። የተከለለ ቦታ ለጋራ ጥቅም መጠበቅ ሒማ በሚል ስም በእስልምና ታሪክ የታወቀ አሠራር ነው።

በወሎ ብዙ የሙስሊም መቃብር ስፍራዎች በዙሪያቸው ያለው መሬት ሲራቆት አገር በቀል ዛፎቻቸውን ይዘው ቆይተዋል። ሰው ለሟቾቹ ባለው አክብሮት ዛፉን አይነካም። በሰሜን ኢትዮጵያ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖችም የተረፉት በተመሳሳይ አክብሮት ነው። ይህ አክብሮት በራሱ የጥበቃ ጉልበት ነው። አስቡት፦ እያንዳንዱ የመስጂድ ግቢና የመቃብር ዳር አሥር ዓይነት አገር በቀል ዕፅ ቢይዝ፣ በየወረዳው ስንት ትንንሽ የዘር ምንጭ ይኖረናል!

ወቅፍም እዚህ ላይ ይጠቅማል። አንድ ሰው የመጠቀም መብት ያለውን ቁራሽ መሬት ወይም የንብ ቀፎ ገቢ ለጓሮው ጥበቃ ቢያውል ሶደቀቱል ጃሪያ ይሆንለታል፤ ኢንሻአላህ። በሀገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ግን የመሬቱ ጉዳይ በቀበሌና በወረዳ በኩል በሕጋዊ መንገድ ይለቅ። ጓሮው ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ጎረቤት ክፍት ይሁን። ሆድ ቁርጠት ሃይማኖት አይጠይቅም።

ዕውቀቱን መጻፍ

ባህላዊ መድኃኒት አዋቂ ብዙ ጊዜ ዕውቀቱን ለአንድ ልጁ ብቻ በምስጢር ያወርሳል። ልጁ ከተማ ከገባ ወይም ካልፈለገ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ተክሉ በጓሮው ቆሞ ሳለ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ይጠፋል። ያኔ ማገዶ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1248 በደማስቆ ያረፈው ኢብኑል በይጣር ከአንዳሉስ ተነሥቶ ሰሜን አፍሪካንና ሻምን እየዞረ፣ የየአካባቢውን ሰው እየጠየቀ 1,400 የሚጠጉ የመድኃኒትና የምግብ ዓይነቶችን መዝግቧል። እኛ ያን ያህል ባንደክም አንድ ደብተር አይከብደንም። የመድረሳ ተማሪዎች ከአያቶቻቸው ጠይቀው የዕፁን የአማርኛና የኦሮምኛ ስም፣ የሚገኝበትን ቦታ፣ የሚወሰደውን ክፍልና የሚለቀምበትን ወር ይጻፉ።

አዋቂው ቅመማውን ካልፈለገ አይናገር። መብቱ ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ማኅበረሰቦች በዕፅዋት ሀብታቸውና በዕውቀታቸው ላይ መብት እንዳላቸው፣ ከሚገኘው ጥቅምም ድርሻ እንዳላቸው ይደነግጋል። ከውጭ የመጣ ሰው ናሙና ልውሰድ ቢል ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ እንዳለው ይጠየቅ። ይህን ማወቅ የእንዶድ ታሪክ እንዳይደገም ይረዳል።

ጥንቃቄ

ለሁሉም በሽታ አላህ መድኃኒት አድርጎለታል። መድኃኒቱን በትክክል ማግኘትና ልኩን ማወቅ ግን የእኛ ሥራ ነው። ከልክ ያለፈ ኮሶ ዓይንን ሊጎዳ፣ ሕይወትንም ሊያጠፋ ይችላል። እንዶድ ለልብስ ሳሙና ይሆናል እንጂ ቢጠጣ መርዝ ነው። እርጉዝ ሴት፣ ሕፃንና ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለ ሐኪም ምክር ምንም ዓይነት ዕፅ አይውሰዱ። በተለይ በዴዴሳ ሸለቆ ወባ አለ። ትኩሳት የያዘው ሰው ቅጠል እየጠጣ ቀን አይቁጠር፤ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይመርመር። ጓሮውን መጠበቅ ሐኪም ቤትን መተው ማለት አይደለም።

ከየት እንጀምር?

ውድ አንባቢያን! ትልቅ ፕሮጀክት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ጥቂት ሰዎች ተቀምጠው ሦስት ነገር ይወስኑ፦ የትኛው ቦታ፣ የትኞቹ አሥር ዕፅዋት፣ ማን ያጥራል ማን ያጠጣል። ከአሥሩ ቢያንስ ሁለቱ ሥራቸው ወይም ቅርፊታቸው የሚፈለግ ይሁኑ፤ ቶሎ የሚያልቁት እነሱ ናቸውና። ከዚያ ወረዳውን ያናግሩ፣ ዘር ይልቀሙ። በከተማ የምንኖረውም ቀበሪቾ ስንገዛ «ከየት ተቆፈረ? ተተክቷል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ገዢ ሲጠይቅ ሻጭም ያስባል።

እናቶቻችን ሌሊት በሩን ከፍተው የሚቀጥፉት ቅጠል የተገኘው ከእነሱ በፊት የነበረ ሰው ስለተከለው ወይም ሳይነቅል ስላለፈው ነው። እኛም ለሚመጣው ልጅ ያንኑ እናድርግለት።

አላህ ከሚተክሉት ያድርገን። ወቢላሂ ተውፊቅ።